ሞተሩን ለደግነት፣ ገመዱን ለመላኩ

አሰገደች ጋራዥ ልትከፍት ነው የሚለው ወሬ ዲላ ውስጥ ሲሰማ የደነገጡት ሁለት ወገኖች ነበሩ፤ ሌሎቹ ባለጋራዦችና የገዛ ባሏ።

ባለጋራዦቹ የደነገጡት ስለሚያውቋት ነው። አሰገደች በዋናው መንገድ ዳር ባላት ሱቅ የመኪና መለዋወጫ ስትሸጥ ወጣትነቷን የጨረሰች ሴት ናት። መንገድ ላይ የወደቀ ቡሎን አንስታ "ይቺ ከአይሱዙ የኋላ እግር የወለቀች ናት" ካለች፣ አለቀ፣ ናት። ሹፌሮች የተሰበረ ዕቃ በፌስታል ጠቅልለው ሲመጡ፣ ፌስታሉን ሳትፈታ ከፍ ዝቅ አድርጋ ብቻ የዕቃውን ስም የምትጠራበት ጊዜ አለ። ባሏ በቀለ ግን የደነገጠበት ምክንያት ሌላ ነው። ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ ወጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ የሚሰማበትን ሰላም ገና መልመዱ ነበር።

"ምን ጎደለብሽ?" አላት።

"ሰው ሰኞ ይመጣና ፖምፓ ይገዛኛል። ማክሰኞ ይመለስና ሌላ ፖምፓ ይገዛኛል። ረቡዕ ደግሞ ለካ ችግሩ ፖምፓው አልነበረም ይለኛል። ዕቃ ጠፍቶ አይደለም በቀለ፣ መካኒክ ጠፍቶ ነው።"

"ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ በረከት አለ እንዴ?"

"ነውር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነህ።"

በቀለ ሳቁን በሻይ ብርጭቆው ከለለ። ሚስቱን ያውቃታል፤ አንዴ "ነውር ነው" ካለች ነገሩ ተወስኗል ማለት ነው።

ጋራዡ ተሠራ። ወደ ይርጋጨፌ በሚያስወጣው በኩል የነበረ አሮጌ የቡና መጋዘን ተከራይታ ቆርቆሮውን አስቀየረች፣ መኪና ሥር የሚገባበትን ጉድጓድ አስቆፈረች፣ በሩ ላይ "አሰገደች ዘመናዊ ጋራዥ" የሚል ታፔላ አሰቀለች። ሠዓሊው "ዘመናዊ" የሚለውን ቃል ከስሟ አስበልጦ ነበር የጻፈው።

"ዘመናዊነቱ ምኑ ላይ ነው?" አለ በቀለ አንጋጦ እያነበበ።

"ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተለስኗል።"

"እሺ። እንግዲህ መርከቡ አልቋል። እንስሶቹ መቼ ነው የሚገቡት?"

ነገሩ የቆመው እዚያ ላይ ነበር። ጋራዥ አለ፣ ዕቃ አለ፣ ደንበኛም አይጠፋም፤ መካኒክ ግን የለም። አሰገደች ሥራ ፈላጊ ሁሉ ይምጣ ብላ አስነገረች። የሚመጣውንም በወሬ ሳይሆን በሥራ ልትፈትን ወሰነች። የራሳቸውን አሮጌ ኮሮላ ጋራዡ ውስጥ አቆመችና እሳት ከሚጭሩት ካንዴላዎች ከአንዷ ላይ ገመዷን በጣቷ ነቀል አደረገች። ሞተሩ ሲነሣ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍሳል። ዓይን ያለው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ገመዷን መልሶ ይሰካና ነገሩ ያበቃል።

በቀለ ደግሞ ወንበሩን ከበረንዳው አንሥቶ ጋራዡ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ፈተና የሚባል ነገር ካየ ስለቆየ ናፍቆት ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ አለ። ኮፈኑን አልከፈተም። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና "የሴንሰር ችግር ነው፤ በኮምፒዩተር መታየት አለባት" ብሎ ፈረደ። ኮሮላዋ የተሠራችው ሴንሰር የሚባል ነገር ከመወለዱ በፊት መሆኑን አሰገደች ስትነግረው፣ "እሱ ነዋ ችግሩ" አላት።

ሁለተኛው ቆራጥ ሰው ነበር። ገና የሞተሩን ድምፅ እንደሰማ እጅጌውን ሰበሰበና "ሞተሩ መውረድ አለበት" አለ። ቁልፎቹንም መዘርጋት ጀምሮ ስለነበር፣ አሰገደች ኮሮላዋ ፊት ቆማ በሰውነቷ ጋርዳ ነው ያስጣለችው።

ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ውስጡን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሳቸውን ወዘወዙ።

"ይሄን መኪና ማን ነው የነካካው?"

"ምነው አባቴ?"

"ይቅር ይበለው።"

ይህን ብለው ገመዷን አነሡና ቦታዋ ላይ ሰኩ። ኮሮላዋ ወዲያው ደህና ሰው ሆነች። አሰገደች ደስ ብሏት ነገ ሥራ ይጀምሩ ስትላቸው ግን ሽማግሌው ፈገግ አሉ። አሁን ቡናዬ ቀልቷል አሉ። ለቀማው እስኪያልቅ፣ ከዚያም እስኪደርቅ፣ ከዚያም ገበያው እስኪታይ ነው። ቢመጡ ለፋሲካ ገደማ ነው የሚመጡት።

"እኔ ሁለተኛውን አሳልፈው ነበር" አለ በቀለ ከወንበሩ። "በቅንነት።"

መፍትሔውን ያመጣው ገሪማ ነው። ገሪማ ከአሪቻ ቀበሌዎች እሸት ቡና ሰብስቦ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያስገባ ነጋዴ ነው፤ ሁለት አይሱዙ አለው፣ ሁለቱም ሁልጊዜ ታመው ነው የሚታዩት። ለአንደኛው ፍሬን ሊገዛ ሱቅ ሲመጣ ጭንቀቷን ሰምቶ ሳቀባት።

"እትዬ አሰገደች፣ ዲላ ውስጥ ያለው መካኒክ ሁለት ነው። ለሞተር ደግነት፣ ለኤሌትሪክ መላኩ። የቀረው ካቻቢቴ የያዘ ሰው ነው።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ" አለች አሰገደች። "ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያስገባልኝ ማን ነው?"

የሁለቱን ታሪክ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ደግነትና መላኩ ድሮ አንድ ግቢ ተከራይተው አብረው የሚሠሩ፣ እንደ ሁለት ዓይን ነበሩ። የጸብ መነሻቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ሚኒባስ ናት። መዘምራኑ ሐዋሳ ላይ ለተጠራ ኮንፈረንስ ሲሄዱ፣ ሁለቱ ተጋግዘው የሠሯት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። መዘምራኑ ወይን ጠጅ ጋውናቸውን እንደለበሱ ዳገቱን ገፏት። ሐዋሳ ሲደርሱ ኮንፈረንሱ "አሜን" ብሎ እየተበተነ ነበር። ደግነት የመላኩ ገመድ ነው አለ። መላኩ የደግነት ፖምፓ ነው አለ። ሚኒባሷ ተሸጣ ስትሄድም ነገሩ አልተፈታም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እሑድ እሑድ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ሁለቱም ጮክ ብለው አሜን ይላሉ፤ ሲወጡ ግን አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በጎን በር ነው።

አሰገደች መጀመሪያ ደግነት ጋ ሄደች። አጭር፣ ደንዳና፣ ለቃል የሚሳሳ ሰው ነው። አንድ የሾላ ዛፍ ሥር ከቆመ ፒክአፕ በታች ተኝቶ አገኘችው። ስትጠራው ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጉዳይዋን ሰማ፣ ጉድጓዱ ተለስኗል ስትለውም ፊቱ በራ።

"እመጣለሁ እትዬ። ኤሌትሪኩን ማን ነው የሚይዝልሽ?"

"መላኩን ላናግረው ብዬ…"

"እንኳን ደስ አለሽ" አለና ተመልሶ ፒክአፑ ሥር ገባ።

አሰገደች ለእግሮቹ መናገር ግድ ሆነባት። ስለ አብሮ መሥራት ነገረቻቸው፤ ስለ ጊዜ ማለፍ ነገረቻቸው፤ አንድ ጥቅስም ጨመረችላቸው። እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ከሥር "ከሰውየው ጋር አልሠራም" የሚል ድምፅ ወጣ።

መላኩ ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠራው። ረጅም ነው፤ ገመድ እንደ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እየዘመረ የባጃጅ መብራት ያበጃል። አሰገደችን ሲያይ ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጣት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ መምህር በቀለ፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቃት።

"አንቺ ጠርተሽኝ አልቀርም እትዬ። በባዶ እግሬ እመጣለሁ። ሞተሩን ማን ነው የሚይዘው?"

"ደግነት ቢሆን ብዬ ነበር።"

መላኩ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ለሁለቱም አዲስ ነገር ስለነበር ትንሽ ተያዩ።

"እትዬ፣ እኔ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ" አለ በመጨረሻ።

"ተመስገን።"

"ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን እንዳላየው።"

አሰገደች ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ስታሰላስል ሄደች። እነሱ መገናኘት ካልፈለጉ፣ አለመገናኘት ይችላሉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለደግነት፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለመላኩ። ለሁለቱም ይህንኑ ነገረቻቸው፤ ሁለቱም ሌላውን ያሸነፉ መስሏቸው ተስማሙ።

ጋራዡ ሥራ ጀመረ። ችግሩ መኪና ሲታመም ቀን መርጦ አለመታመሙ ነው። ሰኞ ደግነት ሞተሩን የጨረሰለት መኪና መብራቱን ለማግኘት ማክሰኞን ይጠብቃል። ማክሰኞ መላኩ ሲነካው ሌላ ነገር ይገኝና ረቡዕን ይጠብቃል። በዚህ መሀል ወሬ አመላላሿ አሰገደች ሆነች።

የመጀመሪያው መልእክት የመጣው ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ደግነት ከአንድ ላንድክሩዘር ሥር ሆኖ፣ "ይሄን ገመድ ያሰረ ሰው አህያ ማሰር ነበረበት በይው" አለ።

ማክሰኞ ጠዋት መላኩ ሲመጣ አሰገደች ጉሮሮዋን ጠረገች። ውሸት መናገር አትወድም። ይህን ቃል አፏ ላይ አድርጋ ማቅረብም አልሆነላትም።

"ደግነት የገመድ አስተሳሰርህን አይቶ ሳይናገር ማለፍ አልቻለም" አለችው።

መላኩ አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ ያዘ። "እሱ? ስለኔ?"

"አዎ። እንዲህ የሚያስር ሰው ሌላ ሥራ ላይ ቢሆን የት በደረሰ ነው ያለው።"

መላኩ የዚያን ቀን ሳይዘምር ዋለ። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየፈታ፣ በፕላስተር እየጠቀለለ፣ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ አስቀመጣቸው። ማታ ሲወጣ ግን የራሱን መልእክት ጣል አደረገ። ደግነት ጨረስኩት ያለው ሞተር እያንኳኳ ነው። "ጆሮው ደህና ነው ወይ በይው" አለ።

ረቡዕ አሰገደች ቃሏን ሳትጨምርም ሳትቀንስም አቀረበች። "መላኩ ጆሮው ደህና ነው ወይ ብሎሃል።"

ደግነት እጁ ላይ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጠ።

"ማን ነገረው?"

"ምኑን?"

"ባለፈው ሳምንት ግራ ጆሮዬን ታምሜ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።" ቁልፉን መልሶ አነሣና "ተሽሎኛል በይው" አለ። ከዚያ ለጥንቃቄ ብሎ በቀኝ ጆሮው ሞተሩን እንደገና አዳመጠው፤ እውነትም ያንኳኳል። ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክለው ዋለ።

አሰገደች ያን ማታ ለበቀለ ሁሉን ነገረችው። በቀለ ሬዲዮውን ዘጋ። እሱ በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰባኪዎችን ወደ ጌዴኦፋ ያስተረጉም ነበር። አንዱ ሰባኪ ምእመኑን "እናንተ ደረቆች" ብሎ ሲቆጣ፣ በቀለ "እናንተ ጽኑዎች" ብሎ ተርጉሞ፣ ምእመኑ ሰባኪውን በማር ሸኝቶታል።

"የሙያ ልጄ ሆነሻል" አላት። "አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ።"

"ምን?"

"ሁለቱን አንድ ቀን አንድ ቦታ እንዳታገናኚ። ያ ሰባኪ በዓመቱ ጌዴኦፋ ተምሮ ተመልሶ ነበር።"

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ የቆየው ግን እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ገሪማ ደወለ። ከድምፁ ጀርባ ብዙ ሰው ይንጫጫል። እሸት ቡና የጫነው አይሱዙው ከአሪቻ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ሲወጣ ዳገቱ መሀል ቆሟል። ሹፌሩም አስነሣለሁ እያለ ቁልፉን ሲያዞር ቆይቶ አሁን ጭራሽ ድምፅ የለውም።

"ይሄ እሸት ዛሬ ካልተፈለፈለ ነገ ይሸታል እትዬ። ሞተር ይሁን ኤሌትሪክ አላውቅም። ሁለቱንም አምጪልኝ።"

ሐሙስ የመላኩ ቀን ነው። አሰገደች መላኩን ኮሮላዋ ውስጥ ከፊት አስቀመጠችና የት እንደምትሄድ ሳትነግረው ወደ ደግነት ቤት ነዳች። አስቀድማ ስለደወለችለት ደግነት የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ከበሩ ወጣ፤ የፊት ወንበሩን አየ፤ ሰማዩን አየ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ።

ዲላን ለቀው ወጡ። በግራ በቀኝ እንሰቱና ቡናው ያልፋል፤ ኮሮላዋ ትንፋሿን ታሰማለች፤ አሰገደች መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳለች።

"እትዬ" አለ ደግነት ከኋላ። "መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያድርገው በይው።"

"መላኩ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው።"

መላኩ ዝቅ አደረገው። ትንሽ ሄዱ።

"ስለ ጆሮዬ ስለጠየቀኝም እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይው። ድኛለሁ።"

አሰገደች ፊት ለፊቷ ምንም ነገር ሳይኖር ክላክስ ነፋች።

"ስለ ጆሮው የጠየቅሁት መቼ ነው?" አለ መላኩ።

"ጆሮው ደህና ነው ወይ ብለሃል ተብያለሁ" አለ ደግነት፣ በመስታወቱ በኩል።

"እሱማ ሞተሩ ሲያንኳኳ እንዴት አልሰማህም ለማለት ነው።"

ወናጎን አለፉ። አሰገደች እንደዚያ ቀን መንገዱን በትኩረት ተመልክታ አታውቅም።

"ለነገሩ አንተም ገመዴን አመስግነሃል" አለ መላኩ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። "እሱን አልረሳሁም።"

"አህያ ማሰር ነበረበት ነው ያልኩት።"



"እትዬ፣ አቁሚ" አለ መላኩ።

አቆመች። ሁለቱም ወረዱና ከኋላ ሄደው ቆሙ። አሰገደች በመስታወቱ ታያቸዋለች። መላኩ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ ደግነት መሬቱን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ደግነት ራሱ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ያላት ሴት፣ እንደ ተማሪ ተይዛለች። ንግድ አስተምሯት ይሁን ባሏ አበላሽቷት ይሁን መለየት አቃታት። ሁለቱ አሁን ተጣልተው በተለያየ አቅጣጫ ቢሄዱ፣ የገሪማ ቡና፣ ጋራዡም፣ ታፔላውም አብቅቶላቸዋል።

ተመልሰው ገቡ። በሩን የዘጉት በአንድ ጊዜ ነው።

"ተስማምተናል" አለ መላኩ።

"በምን?"

"አንቺ ጥፋተኛ እንደሆንሽ።"

"ነኝ" አለች አሰገደች። "ሁለታችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክፉ ቃል ማመላለስ አቅቶኝ ነው።"

ከኋላ ወንበር ደግነት በረጅሙ ተነፈሰ። "ንጂ እሺ። ቡናው ይሸታል።"

አሪቻ ሲደርሱ ገሪማ አይሱዙውን እየዞረ ነበር። ቡና ለቃሚዎቹ መንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚያልፈው ሞተረኛ ሁሉ የየራሱን ምክር ሲሰጥ ያዳምጣሉ። ጭነቱ ቀይ ነው፤ ፀሐይ መትቶት መሞቅ ጀምሯል።

መላኩ መጀመሪያ ገባ። ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ፈታው፤ ሹፌሩ ደጋግሞ ስላዞረው ውስጡ ተቃጥሏል። ከቦርሳው ባወጣው ዕቃ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አደሰው። መልሶ ሲያስረው ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ ግን አልተነሣም።

"እንግዲህ የኔ ሠርቷል" አለ መላኩ። "የቀረው…"

ደግነት ቀና ብሎ አየው። ገሪማም አየው። የሚኒባሷን ወሬ የሚያውቁ ሁሉ አዩት። አሰገደች ልትናገር አፏን ከፈተችና ወዲያው በእጇ ያዘችው።

መላኩ እጁን በሱሪው ጠረገ። "የቀረውን አብረን እንየው" አለ።

ሁለቱም ከመኪናው ሥር ገቡ። አሁን የሚታየው አራት እግር ብቻ ነው፤ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም። ደግነት የናፍጣውን ጎማ ቱቦ ከነዳጅ ታንከሩ ጀምሮ በጣቱ እየዳበሰ ሄደ። ከሻንሲው ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል፤ ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው የሚስበው። ቱቦው የተፋተገው ደግሞ አንድ ሰው ከገመድ ጋር አጣብቆ በሽቦ ስላሰረው ነው። ገመዱም እዚያው ላይ ተልጧል።

"ይሄን ያሰረ ሰው…" ብሎ ጀመረ ደግነት፤ ከዚያ አጠገቡ ማን እንደተኛ ትዝ ብሎት አቆመ።

"አህያ ማሰር ነበረበት" አለ መላኩ።

ከአይሱዙው ሥር የወጣውን ሳቅ አሰገደች መጀመሪያ ሳል መስሏት ነበር። ደግነት ሲስቅ ሰምታ አታውቅም።

ቱቦውን ቆርጠው ቀጠሉ፣ አየሩን አስወጡ፣ ገመዱን ለብቻው አሰሩ። አይሱዙው ጥቁር ጭስ አንድ ጊዜ ተፍቶ ተነሣ። ለቃሚዎቹ አጨበጨቡ፤ ገሪማ ደግነትን አቅፎ ሸሚዙን በግሪስ አበላሸ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሸቱ ማጠቢያ ጣቢያው ደርሶ ወደ መፈልፈያው ሲፈስ አዩት።

ሲመለሱ መላኩ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከደግነት ጎን ተቀመጠ። አሰገደች እንደ ታክሲ ሹፌር ብቻዋን ከፊት ነዳች። ይርጋጨፌን እንዳለፉ መጠየቅ አማራት።

"ያቺ የመዘምራኑ ሚኒባስ እንግዲህ፣ እንደዚሁ ሁለቱም ይሆን ነበር?"

"ገመድ ነው" አለ ደግነት።

"ፖምፓ ነው" አለ መላኩ።

የተናገሩት ግን ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደሚባባሉ ሰዎች ነው። ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ፤ ዲላ እስኪደርሱ አልጨረሱትም፤ እሷንም አላስገቧትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም መጡ፤ ቀን መከፋፈል ቀርቷል አሉ። ሌላም ነገር ነበራቸው። መላኩ ተናገረ፣ ደግነት ራሱን ነቀነቀ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የሚናገሩትን ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ መኪና እየተሠራ እትዬ አሰገደች ኮፈን ውስጥ እጅ አትከትም።

"የኮሮላዋን ገመድ ለፈተና ነው የነቀልኩት" አለች።

"ሰምተናል" አለ ደግነት። "ለዚያ ነው።"

እሺ አለች። በቀለ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ወደ በረንዳው መለሰው፤ የሚያየው ነገር አለቀበት። እሷ ግን ለጥቂት ቀናት ከፋት፤ አትናገረውም እንጂ ከፋት። ስትገባ ሁለቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እየተከራከሩ ታገኛቸዋለች፤ አንዱ ለሌላው የሚለውን እሷ ብትለው ኖሮ እንዴት አድርጋ ታሳምረው እንደነበር ታስባለች። ጭቅጭቃቸው አያልቅም። መኪኖቹ ግን በገቡበት ቀን ይወጣሉ፤ ሰኞ ፖምፓ የገዛ ሰው ማክሰኞ መምጣት አቁሟል፤ ሱቁ ትንሽ ቀዘቀዘ፣ በዚህም በቀለ እየሳቀባት ነው።

ገሪማ ሁለተኛውን አይሱዙውን የላከው ለቀማው ሳያልቅ ነው። ሹፌሩ በጋራዡ ጠባብ በር ወደ ኋላ እያስገባ ነበር። ደግነት በአንድ በኩል ቆሞ "ወደ ቀኝ" ይላል፤ መላኩ በሌላው ቆሞ "ወደ ግራ" ይላል። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ማንን ልስማ?"

ሁለቱ መካኒኮች ተያዩና ደግነት በአገጩ ወደ አሰገደች ጠቆመ።

አሰገደች ከጋራዡ ደጃፍ ተነሥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በሩ መሀል ቆመች።

"እኔን" አለች። "መሪህን ቀጥ አድርግና ቀስ ብለህ ና።"